ደላላ የሌለው ገበያ ስም አይደብቅም

በኮምፒውተር የፋይል ልውውጥ የማንነት ምስጢር ስንት ያወጣል?

የመርካቶ ደላላ ከምንም በላይ የሚሰስተው የገዢና የሻጭን አድራሻ ነው፡፡ ሁለቱ እሱ ሳያውቅ ስልክ ከተለዋወጡ ኮሚሽኑ ቀለጠ ማለት ነው፡፡ ስለዚህ ሻጩ «ገዢው ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ «እኔ አለሁልህ» ይለዋል፤ ገዢውም «ዕቃው የማን ነው?» ሲል ያንኑ መልስ ያገኛል፡፡ ነጋዴው በደላላ ቢማረርም ከሚከፍለው ኮሚሽን ውስጥ የማገናኛ ብቻ ሳይሆን የመሸሸጊያ ዋጋም እንዳለበት ያውቃል፡፡ ምን ያህል ብረት ወይም ሰሊጥ እየሰበሰበ እንደሆነ ተፎካካሪው እንዳያውቅበት የሚፈልግ ሰው ስሙን ከደላላው ጀርባ ያስቀምጣል፡፡

ካለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ወዲህ ግን ደላላውን ከመሐል ያወጣ አንድ ትልቅ ገበያ በዓለም ላይ ተዘርግቷል፡፡ በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ፒር ቱ ፒር» የሚባለው ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚካሄድ የፋይል ልውውጥ ነው፡፡ በዚህ ገበያ ፊልም፣ ሙዚቃ፣ መጽሐፍና የኮምፒውተር ፕሮግራም ከአንድ መጋዘን አይወጣም፡፡ ፈላጊው ያው ፋይል ካላቸው ሌሎች ሰዎች ኮምፒውተር ላይ በቀጥታ ይወስዳል፤ የወሰደውንም እዚያው በዚያው ለሌላው ያካፍላል፡፡ ኮሚሽን የለም፤ ወረፋ የለም፤ መጋዘን ጠባቂ የለም፡፡ ሆኖም ደላላው ሲወጣ የስም መሸሸጊያውም አብሮት መውጣቱን ብዙው ተጠቃሚ የተረዳው ከከሰረ በኋላ ነው፡፡

ከመጋዘን ወደ ጉልት

የዚህ ገበያ ታሪክ የሚጀምረው በ1999 ነው፡፡ (ዓመቶቹ በሙሉ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡) ሾን ፋኒንግ የተባለ የ18 ዓመት አሜሪካዊ ተማሪ «ናፕስተር» የተሰኘውን አገልግሎት አቋቋመ፡፡ ሙዚቃው በየግለሰቡ ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጥም የትኛው ዘፈን ማን ጋ እንዳለ የሚያሳየው መዝገብ በኩባንያው እጅ ነበር፡፡ ናፕስተር በዚህ ረገድ ደላላ ነበር ማለት ይቻላል፡፡ የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያዎችም የሚከሱት አንድ ሰው ስላገኙ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፍርድ ቤት አቆሙት፤ በ2001 አገልግሎቱ ተዘጋ፡፡

ናፕስተር በተዘጋበት ዓመት ብራም ኮኸን የተባለ ፕሮግራም ሠሪ «ቢትቶረንት»ን ለሕዝብ አቀረበ፡፡ ቢትቶረንት አንዱን ትልቅ ፋይል በብዙ ትናንሽ ቁራጮች ከፋፍሎ ተጠቃሚዎች ቁራጮቹን እርስ በርስ እንዲቀባበሉ ያደርጋል፡፡ ገዢ በብዛት በመጣ ቁጥር ዕቃው እየተወደደ ሳይሆን እየፈጠነ ይሄዳል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ገዢ ወዲያው ሻጭ ይሆናል፡፡ መጋዘኑ ቀርቶ ጉልት ሆነ፡፡

በጉልት ግን ሁሉም ፊት ለፊት ይተያያል፡፡ ቁራጭ ለመቀባበል አንዱ ኮምፒውተር የሌላውን የኢንተርኔት አድራሻ ማወቅ አለበት፡፡ «አይፒ» የሚባለው ይህ አድራሻ በቁጥር የተጻፈ ሲሆን የኢንተርኔት አቅራቢው ድርጅት በምን ሰዓት ለየትኛው ደንበኛ እንደሰጠው ይመዘግባል፡፡ አንድን ፋይል በአሁኑ ሰዓት የሚለዋወጡ ሰዎችን የአድራሻ ዝርዝር ለማግኘት የፍርድ ቤት ትእዛዝ አያስፈልግም፤ እንደ ማንኛውም ፈላጊ ወረፋው ውስጥ ገብቶ መቆም ይበቃል፡፡ በ2012 የእንግሊዙ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በብዙ ሰው የሚፈለግ ፋይል መውሰድ የጀመረ ሰው አድራሻ በሦስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ በተቆጣጣሪ ድርጅቶች እንደሚመዘገብ አረጋግጠዋል፡፡

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ስህተቶች አሉ፡፡ አንደኛው የኮምፒውተሩን የድረ ገጽ መክፈቻ «በምስጢር» በሚለው አሠራር ማድረግ ይጠብቃል ብሎ ማሰብ ነው፡፡ እርሱ የሚሰርዘው በቤት ውስጥ የቀረውን ማስታወሻ ብቻ ነው፡፡ ሁለተኛው ልውውጡን በምስጢራዊ ኮድ ማድረግ ነው፡፡ ኮዱ የኢንተርኔት አቅራቢው በመስመሩ ላይ የሚያልፈውን እንዳያነብ ያደርገው ይሆናል፤ ቁራጩን ከሚቀበለው ሰው ግን አድራሻን አይደብቅም፡፡ ተቀባዩ ደግሞ ከሳሽ ሊሆን ይችላል፡፡

አድራሻ ሲገለጥ

የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር በመስከረም 2003 በአንድ ቀን 261 ግለሰቦችን ከሰሰ፡፡ ከእነዚህ ውስጥ የ12 ዓመት የኒውዮርክ ልጅ ትገኝበት ነበር፤ ጉዳዩ በማግሥቱ በ2,000 ዶላር በስምምነት ተዘጋ፡፡ ክሱ ለአምስት ዓመት ቀጥሎ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎችን ከነካ በኋላ በ2008 መጨረሻ ማኅበሩ ማቆሙን አስታወቀ፡፡

የአሜሪካ ሕግ ለአንድ የተጣሰ ሥራ ከ750 ዶላር እስከ 150,000 ዶላር ካሳ ይፈቅዳል፡፡ ቁጥሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ያሳየው የሚኒሶታ ጉዳይ ነው፡፡ አንዲት ሴት 24 ዘፈኖችን አካፍለዋል ተብለው በ2007 የ222,000 ዶላር ካሳ ተፈረደባቸው፡፡ ጉዳዩ እንደገና ሲታይ በ2009 ካሳው 1.92 ሚሊዮን ዶላር ገባ፤ ብዙ ከተመላለሰ በኋላ በ2012 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ወደ መጀመሪያው 222,000 ዶላር መለሰው፡፡ ለአንድ ዘፈን 9,250 ዶላር መሆኑ ነው፡፡ በዚያው ዘመን አንድ ዘፈን በሕጋዊ መንገድ የሚሸጠው በአንድ ዶላር ገደማ ነበር፡፡

ስም አሳልፎ የመስጠቱ ጉዳይ ራሱ ሙግት አስነስቷል፡፡ ቬራይዞን የተባለው የኢንተርኔት አቅራቢ የደንበኞቹን ስም ያለ ዳኛ ፊርማ አልሰጥም ብሎ ተከራከረ፤ በታኅሣሥ 2003 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፈረደለት፡፡ ከዚያ ወዲህ ከሳሾች መጀመሪያ «ማንነቱ ያልታወቀ» ብለው አድራሻውን እየከሰሱ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ስሙን ማውጣት ግድ ሆነባቸው፡፡ ሥራው ረዘመባቸው እንጂ አልቀረም፡፡

አድራሻ ሰው አይደለም

ይሁንና አድራሻው የሚያመለክተው መስመሩን እንጂ በመስመሩ የተጠቀመውን ሰው አይደለም፡፡ በ2005 በዌስት ቨርጂኒያ የተከሰሱት የ83 ዓመት አዛውንት ክሱ ሲቀርብ ካረፉ ሳምንታት አልፈው ነበር፡፡ በ2008 ደግሞ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተቆጣጣሪ ድርጅቶችን ለመፈተን በልውውጡ ዝርዝር ውስጥ የማይመለከታቸውን አድራሻዎች አስገቡ፡፡ ውጤቱ የሚያስቅ ነበር፤ ፊልም አውርደሃል የሚል ማስጠንቀቂያ ለዩኒቨርሲቲው የማተሚያ ማሽኖች ደረሰ፡፡

ጉዳዩ በተለይ የሆቴል፣ የእንግዳ ማረፊያና የካፌ ባለንብረቶችን ይመለከታል፡፡ ለእንግዳ በነፃ የተለቀቀ ዋይፋይ በባለቤቱ ስም የተመዘገበ ነው፡፡ የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2010 ዋይፋዩን ሳይቆልፍ የተወ ሰው ሌላው በመስመሩ ለሠራው ጥፋት ማስጠንቀቂያና ወጪ ሊመጣበት እንደሚችል ወስኖ ነበር፤ ባለ ዋይፋዮችን ያስጨነቀው ይህ ኃላፊነት በሕግ የተነሳው በ2017 ነው፡፡ በጀርመን ከጠበቃ ቢሮ የሚላክ የክፍያ ደብዳቤ በዚያ የሚኖሩ ስደተኞች ሁሉ የሚያውቁት ሥጋት ሆኖ ቆይቷል፤ አንዱን ቤት ለሚጋሩት ደግሞ ደብዳቤው የሚመጣው ውሉን በፈረመው ስም ነው፡፡ በአሜሪካም በኦሪገን የአዋቂዎች መንከባከቢያ ቤት የሚያስተዳድር ሰው በቤቱ መስመር ለወረደ ፊልም ተከሶ ነበር፡፡ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2018 መስመሩ በስሙ መመዝገቡ ብቻውን አጥፊ አያሰኘውም ሲል ወሰነ፡፡ ሰውየው ቢረታም እዚያ ለመድረስ የፈጀውን ጊዜ የሚመልስለት የለም፡፡

ከክሱ ይልቅ ነጋዴውን ሊያሳስበው የሚገባ ሌላ ጉዳት አለ፡፡ የልውውጥ ፕሮግራሙ ሲጫን የትኛውን የፋይል ሳጥን ለገበያ እንደሚከፍት ካልተነገረው የደንበኛ ዝርዝርም፣ የሒሳብ መዝገብም አብሮ ይወጣል፡፡ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በየካቲት 2010 ለመቶ ለሚጠጉ ድርጅቶች የሠራተኞችና የደንበኞቻቸው መረጃ በዚሁ መንገድ መውጣቱን በደብዳቤ አሳውቋል፡፡ ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎም የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ምስጢራዊ ሰነድ፣ አንድ ሠራተኛ በቤቱ ኮምፒውተር ላይ በጫነው የልውውጥ ፕሮግራም ሳቢያ አደባባይ ወጥቷል፡፡ ሌላውን ሊሸምት ጉልት የወጣ ሰው የራሱን ጓዳ ከፍቶ ሄደ ማለት ነው፡፡

አዲሱ ደላላ

ገበያ ክፍተት አይወድም፡፡ ስዊድን አድራሻን ወደ ስም መለወጥ ለከሳሾች የሚያቀልላቸውን ሕግ ከሚያዝያ 1 ቀን 2009 ጀምሮ ሥራ ላይ ስታውል፣ የአገሪቱ የኢንተርኔት ፍሰት በአንድ ቀን ሲሶ ያህል ወረደ፡፡ በዚያው ሰሞን በወር 5 ዩሮ የተጠቃሚውን አድራሻ የሚሸፍን አገልግሎት ለገበያ ቀረበ፡፡ «ቪፒኤን» የሚባለው አሠራር ነው፡፡ የደንበኛው መስመር በተዘጋ ቱቦ ወደ ኩባንያው ኮምፒውተር ይሄድና ከዚያ ወደ ዓለም ይወጣል፤ በጉልቱ ላይ የሚታየው የኩባንያው አድራሻ ይሆናል፡፡ የተባረረው ደላላ በሌላ በር ተመለሰ፡፡

ንግዱ ምን ያህል እንደደራ ከአንድ ኩባንያ ግዢዎች መረዳት ይቻላል፡፡ በለንደን ገበያ አክሲዮኑ ይሸጥ የነበረውና ሥራውን በማስታወቂያ ቴክኖሎጂ የጀመረው ክሮስራይደር በ2017 «ሳይበርጎስት» የተባለውን ቪፒኤን በ9 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ገዛ፡፡ በ2018 ስሙን ወደ ኬፕ ቴክኖሎጂስ ለወጠ፡፡ በ2019 «ፕራይቬት ኢንተርኔት አክሰስ»ን ዕዳውን ጨምሮ በ127 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለ፡፡ በ2021 ደግሞ «ኤክስፕረስ ቪፒኤን»ን በ936 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል፡፡ በዚያው ዓመት በ149 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ሌላ ድርጅት የቪፒኤን ኩባንያዎችን እያወዳደሩ ደረጃ የሚሰጡ ድረ ገጾች ባለቤት ነበር፡፡ ሻጩ የሚዛኑም ባለቤት ሆነ ማለት ነው፡፡ ደንበኛ ከመዋዋሉ በፊት «የተሻለው የቱ ነው?» ብሎ የሚያነበውን ማን እንደጻፈው ቢጠይቅ አይከፋም፡፡

የእነዚህ ኩባንያዎች ሁሉ መሐላ አንድ ነው፤ «የደንበኛን መዝገብ አንይዝም» ይላሉ፡፡ የማይተማመን ባልንጀራ በየወንዙ ይማማላል እንደሚባለው መሐላው የበዛው በምክንያት ነው፡፡ በ2011 «ሃይድ ማይ አስ» የተባለው የእንግሊዝ አገልግሎት በአንድ የኮምፒውተር ሰርጎ ገብነት ምርመራ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲደርሰው የደንበኛውን መዝገብ አስረክቧል፡፡ በ2020 ደግሞ መዝገብ አልይዝም ይል የነበረው «ዩፎ ቪፒኤን» የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አድራሻ ጭምር የያዘ ክምችት ያለ ቁልፍ ተከፍቶ መገኘቱን ተመራማሪዎች ይፋ አድርገዋል፡፡ በአንጻሩ «ፕራይቬት ኢንተርኔት አክሰስ» በ2016 በአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ተጠይቆ የሚሰጠው መዝገብ እንዳልነበረው በፍርድ ቤት ሰነድ ታይቷል፡፡ ልዩነቱ በማስታወቂያ ላይ አይታይም፤ የሚታየው ዳኛ ሲጠይቅ ነው፡፡

ደላላው ራሱም ይከሰሳል፡፡ «ቶርጋርድ» የተባለው አገልግሎት በ2022 ከከሰሱት የፊልም ኩባንያዎች ጋር ሲታረቅ፣ አሜሪካ ባሉት ኮምፒውተሮቹ በኩል የቢትቶረንት ልውውጥ እንዳያልፍ ለማገድ ተስማምቷል፡፡

ነፃ ነው፣ ግን ቀርፋፋ ነው

ለደላላ መክፈል የማይፈልጉ ወገኖች ሌላ መንገድ ይዘዋል፡፡ አየርላንዳዊው ኢያን ክላርክ በ2000 ለሕዝብ ያቀረበው «ፍሪኔት» ፋይሉን በብዙ እጅ እያቀባበለ ማን እንዳስቀመጠውና ማን እንደወሰደው እንዳይታወቅ ለማድረግ የታሰበ ነው፡፡ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው «ዋንስዋርም» ደግሞ በ2009 ልውውጡን በሚተዋወቁ ሰዎች በኩል እንዲያልፍ አደረገ፡፡ የሁለቱም ዋጋ ጊዜ ነው፡፡ ጭነቱ በቀጥታ ከመሄድ ይልቅ በአምስት ቤት ዞሮ ሲመጣ ይዘገያል፤ ብዙ ሰው ያልገባበት ገበያ ደግሞ ዕቃው ያንሳል፡፡

በነፃነቱ የታወቀው «ቶር»ም ለዚህ ሥራ አልተሠራም፡፡ አዘጋጆቹ ራሳቸው በ2010 ቢትቶረንትን በቶር በኩል መጠቀም እንደማይመከር አስታውቀዋል፡፡ ምክንያቱ ቀላል ነው፡፡ ቶር መንገዱን ቢሸፍንም የልውውጥ ፕሮግራሙ እውነተኛ አድራሻውን በመልእክቱ ውስጥ ጽፎ ሊልክ ይችላል፡፡ ፊቱን ሸፍኖ የመታወቂያ ወረቀቱን በእጁ እንደሚያሳይ ሰው ነው፡፡ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት በዚህ ድክመት ተጠቅመው በ23 ቀን ውስጥ የ10,000 የቶር ተጠቃሚዎችን አድራሻ አውጥተዋል፡፡

በእኛ አገርስ?

በኢትዮጵያ ፊልምና ዘፈን በፍላሽ፣ በሚሞሪ ካርድና ከስልክ ወደ ስልክ በሚልኩ ፕሮግራሞች ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ኖሯል፡፡ ይህ ልውውጥ የኢንተርኔት አድራሻ አይተውም፡፡ የቢሮና የቤት መስመር እየፈጠነ በሄደ ቁጥር ግን ልውውጡ ወደ ኢንተርኔት ስለሚዞር የሕጉን ሁኔታ ማወቅ ይጠቅማል፡፡ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የቅጂ መብትን ይጠብቃል፡፡ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 አገልግሎት ሰጪዎች የልውውጥ መረጃን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጡ ያዛል፡፡ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰዎችን መረጃ በእጁ የያዘ ድርጅት ላይ ኃላፊነት ይጥላል፡፡ የደንበኞቹ ዝርዝር በሠራተኛው የልውውጥ ፕሮግራም በኩል የወጣበት ነጋዴ «አላወቅሁም» ማለቱ ብዙ የሚያዋጣው አይመስልም፡፡

ከመዋዋል በፊት

ልውውጡ በራሱ ጥፋት አይደለም፡፡ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት በዚህ መንገድ ይታደላል፤ «ኢንተርኔት አርካይቭ» የተሰኘው የዓለም ቤተ መጻሕፍት ከ2012 ጀምሮ ስብስቡን በቢትቶረንትም ያቀርባል፡፡ ማንነትን መጠበቅም የሕጋዊ ነጋዴ መብት ነው፡፡ የሰው ንብረት የሆነን ሥራ ግን ስም መሸሸግ ሕጋዊ አያደርገውም፤ የተሰረቀ ዕቃ በሌሊት ስለተሸጠ የሻጩ አይሆንም፡፡

ሕጋዊ ልውውጥ ለሚያደርግ ድርጅት ጥንቃቄው ብዙ ወጪ የለውም፡፡ ለልውውጥ የሚውለውን ኮምፒውተር ሒሳብና የደንበኛ መዝገብ ካለበት መለየት፣ ፕሮግራሙ የሚከፍተውን የፋይል ሳጥን አንድ ባዶ ሳጥን ብቻ ማድረግ፣ የእንግዳውን ዋይፋይ ከቢሮው መስመር ለይቶ በቁልፍ ማሰር ዋነኞቹ ናቸው፡፡ ቪፒኤን የሚጠቀም ሰው ደግሞ ቱቦው በድንገት ሲቋረጥ ልውውጡን የሚያቆም መቁረጫ መኖሩን ማረጋገጥ አለበት፤ አለበለዚያ መስመሩ በተቋረጠባት ደቂቃ እውነተኛው አድራሻ ጉልት ላይ ይወጣል፡፡

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የደላላ ምርጫ ነው፡፡ ቪፒኤን የገዛ ሰው አድራሻውን ከሺሕ እንግዶች ዓይን አንስቶ በአንድ ኩባንያ እጅ አስቀመጠ እንጂ አላጠፋውም፡፡ ስለዚህ ነጋዴው የመርካቶን ደላላ የሚጠይቀውን እዚህም ሊጠይቅ ይገባል፤ የኩባንያው ባለቤት ማነው? በየትኛው አገር ሕግ ይዳኛል? ክፍያው በማን ስም ይመዘገባል? ከዚህ በፊት ዳኛ ሲጠይቀው ምን አስረከበ? ለእነዚህ ጥያቄዎች «እኔ አለሁልህ» ብቻ የሚል ደላላ ኮሚሽኑ ቢረክስም ውድ ነው፡፡